ትኩሳቱ የለቀቀኝ ቀን

ሕመሙ የጀመረኝ ከዓይኔ ጀርባ ነው። እሑድ ጠዋት የላብራቶሪውን ወለል ስወለውል ቆይቼ ቀና ስል፣ አንድ ሰው ዓይኔን ከውስጥ በአውራ ጣቱ የሚገፋው መሰለኝ። ከቀትር በፊት ወገቤ ተቆረጠ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሰውነቴ ነደደ።

ይህን የምጽፈው ደንጊ የሚባለው ትኩሳት ለያዛችሁ ወይም የያዘውን ለምታስታምሙ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነውና አጻጻፌን እለፉልኝ፤ የሆነውን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ።

የምሠራው ዓረብ አገር፣ ከአል-ሙወሰም ወደ ጂዛን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ የግል የሴቶች ኮሌጅ ነው። ጽዳትም እኔ ነኝ፣ የማደሪያው ኃላፊም እኔ ነኝ። ሕንፃው ድሮ የሰርግ አዳራሽ ነበር። ሙሽራ ትቀመጥበት በነበረው መድረክ ላይ አሁን መምህራን ቆመው የደም ዝውውር ያስተምራሉ። ከአል-ሐርስ ተራራ የሚመጡት ልጆች ሳምንቱን እዚያው ያድራሉ፤ «ኻላ ዘሃራ፣ ሻይ!» «ኻላ ዘሃራ፣ ቻርጀሬን አይተሻል?» እያሉ ሲጠሩኝ ይውላሉ፤ ኻላ ማለት አክስት ነው። ከሕንፃው ጀርባ ፉል የሚሉትን ነጭ አበባ ተክዬላቸዋለሁ፤ እየሸመጠጡ በክር ይሰኩትና ጸጉራቸው ላይ ያስሩታል። የማጠጣው ከአየር ማቀዝቀዣዎቹ በሚንጠባጠብ ውሃ ነው። በየማቀዝቀዣው ሥር ባልዲ አለኝ። በዚህ አገር ውሃ የምታባክን ሴት አይደለሁም እያልኩ እኮራ ነበር።

ከሁሉም የምቀርባት ሰሚራ ናት። አባቷ የወሎ ሰው ነው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች የነርሲንግ ተማሪ ናት። የምታጠናው ለእኔ እየነገረች ነው። እኔ ስወለውል እሷ ደረቅ ቦታ እየመረጠች፣ እየዘለለች ትከተለኛለች። አረብኛውን ወደ አማርኛ ስትመልሰው ነው የሚገባት።

ከመታመሜ ሳምንት በፊት ያጠናችው ስለ ደንጊ ነበር።

«ኻላ፣ ደንጊ የሚያስፈራው ትኩሳቱ ሲወጣ አይደለም፤ ሲወርድ ነው።»

«ሂጂ ወዲያ! ትኩሳት ሲለቅ ሰው አልሐምዱሊላህ ይላል እንጂ ይፈራል?»

«ወላሂ፣ መጽሐፉ ነው ያለው።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ባቲ ወርዶ አያውቅም።»

ሁለታችንም ሳቅን።

እኔ ያደግሁት ባቲ ነው፤ ወባን እናውቃለን። ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል፣ ይለቃል። ሲለቅ ተነስቶ ወደ ሥራ ነው። ስለዚህ ሲያመኝ ማንንም አልጠየቅሁም። ከአገር ቤት የመጣ፣ የተረፈ የወባ ክኒን ነበረኝ፤ ዋጥኩ። ለቁርጥማቱ ደግሞ ጠዋትና ማታ ዲክሎፌናክ ወሰድኩ። ሰሚራን ጉንፋን ነው ብዬ ሸወድኳት። ሐሙስ የዓመቱ የመጨረሻ ፈተና ነበረባት፤ እሱን ካለፈች ለልምምድ ሆስፒታል ትገባለች፣ ከቀረች ዓመቱን ትደግማለች። አባቷ የሰው በግ እየጠበቀ ነው ያስተማራት። ከፈተናው የምታስቀራት እኔ እንዳልሆን ፈራሁ።

አራት ቀን ስንፈራገጥ ከረምኩ።

ሐሙስ ጠዋት ስነቃ ትኩሳቱ የለም። ግንባሬን ዳሰስኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ተነሳሁ። መወልወያዬን አነሳሁ። በዚያ መጽሐፏ እንዴት እንደምቀልድባት እያሰብኩ ወጣሁ።

ግን አንድ ነገር ልክ አልነበረም። መቀመጥ አልቻልኩም። መቆምም አልቻልኩም። ከክፍል ክፍል ዞርኩ። ውሃ ቀዳሁ፤ ሳልጠጣው አስቀመጥኩት። ሆዴን ወጋኝ። አስታወከኝ። ደግሞ አስታወከኝ። አፌን ስጉመጠመጥ ውሃው ቀላ።

ሰሚራ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ወደ ፈተናው ስትወርድ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። እጄን ያዘች።

«እጅሽ በረዶ ነው። ትኩሳቱ መቼ ለቀቀሽ?»

«ዛሬ። ድኛለሁ፤ ሂጂ።»

«ምን ዋጥሽ?»

ነገርኳት። የአዳራሹን ሰዓት አየች። እኔን አየች።

«ኸላስ፣ በቃ። ያላ፣ እንሂድ።»

«ፈተናሽስ?»

«ኻላ፣ ዝም በይ።»

ሰደብኳት። ገፋኋት። የተማሪዎቹን አውቶቡስ ሾፌር ጠርታ ወደ ሆስፒታል አስጫነችኝ። መንገዱን ሙሉ በሩን ልከፍት ስታገል እጄን አልለቀቀችም። ያ መቅበጥበጥ የሕመሙ ምልክት መሆኑን እሷ ታውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነበር። ደሜን አስመርምሮ ተመለሰ።

«ደንጊ ነው። ፕላትሌትሽ፣ ደም የሚያረጋው ሕዋስ፣ ወርዷል። ከደም ሥርሽ ፈሳሽ እየወጣ ነው። ዲክሎፌናኩን ያዘዘልሽ ሐኪም ማን ነው?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው ያ ሐኪም ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተባሯል። ያ መድኃኒት የደንጊን መድማት ያባብሳል።» ከዚያ ወደ ሰሚራ ዞረ። «ቀኑን ሙሉ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ሁለት ቀን እንጠብቃለን።»

ጉሉኮስ ተተከለልኝ። ደም በየስድስት ሰዓቱ ይወሰዳል። ፕላትሌቱ ደግሞ ወረደ። ድዴ መድማቱን አላቆመም። ሰሚራ አጠገቤ ናት። የፈተናው ሰዓት አለፈ።

ቅዳሜ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ፤ ሽንቴም በደንብ ወረደ፤ ሐኪሙ በሽንት ይህን ያህል ሲደሰት አይቼ ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ስወጣም ፈተናው እንዳለፋት ሰምቶ ኖሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው ለኮሌጁ ደብዳቤ ጻፈ፤ ይህች ተማሪ የአደጋ ምልክቱን በሰዓቱ ባታውቀው ኖሮ ታማሚዋ አትተርፍም ነበር የሚል። ኮሌጁም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድትፈተን ፈቀደላት። እኔ ከአልጋ እስከ መስኮት መሄድ እያቃተኝ፣ ጸጉሬ በማበጠሪያው እየረገፈ፣ ያን ሁለት ሳምንት ተኝቼ ትምህርቷን አዳመጥኳት፤ አሁን ግን አልሳቅኩም፣ እያስቆምኩ እጠይቃት ነበር።

ፈተናውን ያለፈች ቀን ከሕንፃው ጀርባ ጠራችኝ። ከባልዲዎቼ አንዱ ላይ አጎንብሳለች። በጠራው ውሃ ውስጥ ክር የሚያካክሉ ትሎች ይተጣጠፋሉ።

«ኻላ ዘሃራ፣ ተማሪዎችሽ መጥተዋል፤ ስማቸውን ጥሪ።»

የደንጊ ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ ንጹሕ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። ከመኝታዬ መስኮት ሥር ያረባኋት እኔ ነኝ። ባልዲዎቹን አንድ በአንድ ደፋሁ፣ ውስጣቸውን ፈትጌ ገለበጥኳቸው። ፉሉ አሁን ከቧንቧ ይጠጣል።

አላህ ለሰሚራ የልቧን ይስጣት፤ አባቷንም ዕድሜውን ያርዝመው። እናንተ ግን ስሙኝ። ውሃ የምታጠራቅሙበትን ሁሉ ክደኑ፣ በየሳምንቱ ፈትጉ። ትኩሳት ሲይዛችሁ ተመርመሩ፤ እስክታውቁት ድረስ ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም አትንኩ፣ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል። ሆድ ቁርጠት፣ ትውከት፣ መድማት፣ እንደኔ መቅበጥበጥ ከመጣ አትቆዩ። ትኩሳቱ ሲለቃችሁም አልሐምዱሊላህ በሉ፤ ግን ፊታችሁን ወደ ሥራ ሳይሆን ወደ ሐኪም አዙራችሁ በሉት።