ያልለካሁት ስኳር

የስኳርና የግፊት ክፍል የተመደብኩት የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጄ በተመለስኩ ማግስት ነው። ጤና ጣቢያችን ከጉርድ ሾላ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ክፍሉ ቀድሞ የተሰበሩ ወንበሮች ይከማቹበት ነበር። ግድግዳው ቀለም ተቀባ፣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፣ አንድ የግፊትና አንድ የስኳር መለኪያ ተሰጠኝ። ከዚያ በፊት የሠራሁት እናቶችና ሕፃናት ዘንድ ነበር። እዚያ ሰው ይወልዳል፣ ያስከትባል፣ ይሄዳል። እዚህ የሚመጣው ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ይመላለሳል።

ከሁሉም ቀድመው የሚደርሱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት ቦታ ጤፍ ያርሱ ነበር፤ መሬቱ ከሄደ በኋላ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃ ተቀጠሩ። ክኒናቸውን አንድ ቀን አያስተጓጉሉም። የቀጠሮ ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ይይዛሉ።

በሦስተኛው ወር የስኳር መለኪያው ስትሪፕ አለቀ። የደም ጠብታ የምታርፍባት ያቺ ትንሽ ወረቀት ከሌለች መለኪያው ባዶ ዕቃ ነው። ጠየቅን፤ ይመጣል ተባልን። ሰዎቹን ውጭ አስለክተው እንዲመጡ ስነግራቸው ጥቂቶቹ ያደርጉታል፣ አብዛኞቹ እሺ ብለው ይቀራሉ። አዛውንቱን ውሃ ይጠማቸው እንደሆነ፣ ሽንት ያመላልሳቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ደህና ነኝ አሉ። ክኒኑን ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

መዝገቡ ላይ ግን የስኳሩ መጠን የሚጻፍበት ቦታ አለ። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ ሊጎበኙን ስለሚመጡ ባዶ ቦታ እንዳይታይ ብቻ ነው የነገረኝ። በምን እንደምሞላው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ያለፈውን ወር ቁጥር አየሁና ትንሽ ዝቅ አድርጌ ጻፍኩ። የመጀመሪያ ቀን እጄ ከብዶኝ ነበር። በሚቀጥለው ወር አልከበደኝም። ጎብኚዎቹ መጡ፣ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉ፣ ጥሩ ተዘጋጅታችኋል ብለው ሄዱ። አጨበጨብን።

አምስት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ሰኞ ጠዋት አዛውንቱ እያነከሱ ገቡ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ቦት ጫማ እንደሰጣቸው፣ ገና እንዳልለመዱት፣ ምንም እንደማያማቸው ነገሩኝ። እስቲ ያውልቁት አልኳቸው። ሥልጠናው ላይ በየቀጠሮው እግራቸውን እዩ ተብለን ነበር፤ በወረፋው ብዛት እያሳበብኩ የማንንም አይቼ አላውቅም።

"ይሸታል፣ ሲስተር። አፍራለሁ።"

ተንበርክኬ ክሩን ራሴ ፈታሁት። ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። አውራ ጣታቸው ጠቁሯል፣ ጥቁረቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ አያመኝም እኮ ይላሉ። የማያማቸው ነርቩ ስለሞተ እንደሆነ አውቃለሁ። ነርቭ ደግሞ በሳምንት አይሞትም።

ሪፈር ጻፍኩላቸው። ሆስፒታል ሲለኩ ስኳራቸው መለኪያው ከሚያነበው በላይ ሆኖ ተገኘ። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ከሁለት ወር በኋላ በክራንች፣ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ሥራቸው ቀርቷል። ያን ቀን እግራቸውን ባላይላቸው ኖሮ ሞተው እንደነበር ሐኪሙ እንደነገራቸው አወሩኝና መረቁኝ። ምርቃቱን መቀበል አቃተኝ።

"አባባ፣ አምስት ወር ሙሉ ስኳርዎን አልለካሁም" አልኳቸው። "መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ከራሴ አውጥቼ የጻፍኩት ነው።"

ባለቤታቸው አማርኛ ብዙም ስለማይሰሙ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያሉ።

"አለመለካትሽንማ አውቃለሁ" አሉ። "ጣቴን አልወጋሽኝም።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?"

"አንቺ ከተውሽው አያስፈልግም ማለት ነው ብዬ።"

ስትሪፑ በዚያው ሰሞን መጣ፤ ጥቂት ሳምንት ሠራንበትና እንደገና አለቀ። አሁን ያልለካሁትን አልለካሁም ብዬ እጽፋለሁ። ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተናገረኝ፣ ከዚያ ተወኝ። የሁሉንም ሰው እግር አያለሁ፤ ወረፋው ውጭ ያጉረመርማል።

አዛውንቱ በክረምቱ ሌላኛው እግራቸውም ቆስሎ አረፉ። ለቅሶ የሄድኩት ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ነው። ባለቤታቸው ድንኳኑ ውስጥ ሲያዩኝ ተነስተው እጄን ያዙኝና ለተቀመጡት ሴቶች በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አጠገቤ ያለችው ጎረቤት ተረጎመችልኝ፤ ቁስሉን ያየችለት ይህች ናት ማለታቸው ነበር። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።