ኮምቦልቻ የቀረው የቦኖ ድንጋይ

ጋሽ ሰይድ ደውለው «ድንጋዩ ሁሉ ተሰበሰበ፤ አንዱ ብቻ እምቢ አለን። ካላንቺ የሚያመጣው የለም» ሲሉኝ ስልኩን ሳልዘጋ ሻንጣዬን መፈለግ ጀመርኩ። ጋሽ ሰይድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የደሴ ጎረቤታችን ናቸው። ድንጋዩ ደግሞ ግንበኛው አባቴ ይመር ለሰፈራችን ከሠራው የውሃ ቦኖ የወረደ ነው። ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ ያለው መንገድ ሲሰፋ ቦኖው የሚፈርስ ሆነ። የሰፈሩ ሰው ግሬደር ከሚበላው ብሎ ራሱ በእጁ አፈረሰውና፣ ሌላ ቦታ እስኪገኝ ድረስ እያንዳንዱ ቤት ድንጋይ ተካፍሎ በአደራ አስቀመጠ። አሁን የሰፈሩ ማዕዘን ላይ ቦታ ተገኝቷል። አባቴ ግን ይህን ሳያይ አዲስ አበባ እኔ ቤት አረፈ። ደሴ ውስጥ የገነባቸው ቤቶች አንድ በአንድ ፈርሰው ፎቅ ተተክቶባቸዋል። ከእጁ ሥራ የቀረኝ ይኸው ቦኖ ነው፤ እሱም እንዲቀርብኝ አልፈለግሁም።

ወደ ደሴ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ወጣ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ፊቴን ሲገርፈኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ መስኮቱን አልዘጋም አለ፤ ንፋስ ካላገኘ ያቅለሸልሸዋል። ምን ይባላል፣ ነጠላዬን ተከናነብኩ። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ገዛሁ፣ ለሰውዬውም ዘገንኩለት፣ ታረቅን። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ተቀበለን። ምሳ ከሚሴ በላን፤ ጥብሱ ጨው በዝቶበታል፣ ዋጋውም ከጨዉ ይብሳል። ከዚያ እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት አውቶቡሱ የደሴን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ነው። ለካ ድንጋዩ ያለበትን ኮምቦልቻን ተኝቼ አልፌዋለሁ።

ደሴ በጉም ተሸፍና ቆየችኝ፤ የጦሳ ተራራ ራስ አይታይም። ከአውቶቡሱ ስወርድ የእርጥብ ባህር ዛፍ ጭስ ሸተተኝ። ይህን ከተማ አዲስ አበባ ሆኜ እናፍቀዋለሁ፤ መጥቼ መሬቱን ረግጬም ይናፍቀኛል። የማውቃቸው አጥሮች የሉም፣ የማውቃቸው በሮች የሉም። ሰፈሬን ያገኘሁት በጋሽ ሰይድ ሳል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ማዕዘኑ ላይ ቦኖው እስከ ግማሹ ቆሟል። ድንጋዮቹ የየቤቱን ኑሮ ለምደዋል፤ አንዱ በር ሲደግፍ ኖሮ ጥጉ ተበልቷል፣ ሌላው በርበሬ ሲወቀጥበት ኖሮ ገና ያስነጥሳል። መሀሉ ላይ ግን ክፍት ነው።

«የቀረው ባለ ስፌቱ ነው» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። ውሃው የሚወርድበት ቀዳዳ ያለው፣ አባቴ ዙሪያውን እንደ መሶብ ስፌት አድርጎ የጠረበው ድንጋይ ነው። ያለሱ ይህ ነገር ተራ ግድግዳ ነው።

«ማን ዘንድ ነው?»

«ጎረቤታችን የነበረችው ዘይነባ ዘንድ። ከልጇ ጋር ኮምቦልቻ ወርዳለች። ሄጄ ብጠይቃት ‹በአማና፣ አደራ ብሎ የሰጠኝ ይመር ነው፤ እሱ ራሱ መጥቶ ይውሰድ› አለችኝ።»

«አባቴ ማረፉን አልሰሙም እንዴ?»

ጋሽ ሰይድ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ማን ይንገራት? መርዶ እኮ ብቻውን የሄደ ሰው በር ላይ ቆሞ አይናገረውም። እንዴት ነው ስትለኝ ደህና ነው ብያት መጣሁ።»

«ደህና ነው አሏቸው?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ አንደበቴ እምቢ አለኝ።»

ልቆጣ አሰብኩና ሳቄ መጣ፤ ስቄም ሳልጨርስ አለቀስኩ።

ኮምቦልቻ

በማግስቱ ጠዋት ከጋሽ ሰይድ ጋር በሚኒባስ ወረድን። ቁልቁለቱን እየተጠማዘዝን ስንወርድ ነጠላዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቤን። ከተማው በፋብሪካ ሠራተኞች ተሞልቷል። የእትዬ ዘይነባ ልጅ ሐሊማም የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ቀድመን ደውለንላት ስለነበር ፈረቃዋን ቀይራ በር ላይ ጠበቀችን። እንደ ወጉ መርዶውን መጀመሪያ ለእሷ በጆሮዋ ነገርናት፤ ሁለት ጎረቤቶች ጠርታ አብረን ገባን። የሚናገሩት ጋሽ ሰይድ እንዲሆኑ ተስማምተናል።

እትዬ ዘይነባ አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ። «ይቺ የይመር አፍንጫ ናት፣ ማሻአላህ። እሱስ ምነው ልጁን ላከ? ጉልበቱ እምቢ አለው?»

ጋሽ ሰይድ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። እጃቸውን ያዝኩና «እትዬ ዘይነባ፣ አባቴ አርፏል» አልኩ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ብዙ አለቀስን። አዲስ አበባ ላይ ያስተዛዘኑኝ ሰዎች አባቴን በሽማግሌነቱ የሚያውቁት ነበሩ። ወጣቱን ይመር፣ መዶሻውን ትከሻው ላይ ጥሎ እያፏጨ የሚመጣውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሳለቅስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ድንጋዩ ሳጥን ላይ፣ ንጹህ ሰሌን ተነጥፎለት ተቀምጧል። «ታቅፎት መጣና ‹ዘይነባ፣ በጠዋት ቀድመሽ ውሃ የምትቀጂው አንቺ ነሽ፤ ይህን አንቺ ያዢልኝ፣ መጥቼ እወስደዋለሁ› አለኝ። ወላሂ መሬት አላስነካሁትም። በየጁምዓው አጥበዋለሁ። እዚህ አገር ሰው አላውቅም፤ ሐሊማ ሥራ ስትውል እሱን እያየሁ ደሴን አስባለሁ።»

አንጀቴን በሉኝ። «እንግዲያውስ እርስዎ ዘንድ ይቆይ» አልኩ፣ የጋሽ ሰይድን ዓይን እየሸሸሁ።

«አይሆንም። ባለቤቱ ከሞተ አማናው ለልጁ ነው። ሳልመልስ ብሞት ምን ብዬ አገኘዋለሁ? ውሰጂ።» ድንጋዩን በመዳፋቸው አበሱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስንመለስ የሚኒባሱ ረዳት ድንጋዩን አይቶ «ወንበር ከያዘ ሰው ነው፣ ይከፍላል» አለ። ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከብዶ እግሬን አደነዘዘው፤ ደሴ እስክንደርስ ግን አላወረድኩትም።

ቦኖው

ግንበኞቹ ባለ ስፌቱን ከፍ አድርገው መሀሉ ላይ አስገቡት፤ ልክክ አለ። ሼኩ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ መረቁ፣ ሁላችንም ፎቶ ተነሳን። የውሃ መስመሩ አዲሱ መንገድ ሲሠራ ወደ ሌላ ዞሯል፤ በዚያ ቀን ግን ውሃ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። አዲስ አበባ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነው።

ሻንጣዬን ሳልፈታ እትዬ ዘይነባ ደወሉ።

«ገባ?»

«ገባ እትዬ፣ ልክክ ብሎ።»

«አልሐምዱሊላህ። ስመጣ ቀድሜ የምቀዳው እኔ ነኝ።»

እዋሻቸው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ አልቻልኩም። «ውሃ የለውም እትዬ። ለመታሰቢያ ነው የቆመው።»

ቀስ ብለው «እኔም ዘንድ እኮ ውሃ አልነበረውም» አሉ። «ታዲያ ለምን ወሰዳችሁብኝ?»

ድንጋዩ ቦታው ሲመለስ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። የአባቴን እጅ ሥራ አተረፍኩ ስል፣ አንዲት ሴት ደሴን የምታይበትን ነጥቄ መጥቻለሁ። አሁን ጋሽ ሰይድ መስመሩ እንዲቀጠል የውሃ ቢሮውን ደጅ ይጠናሉ፤ እኔም ከዚህ በስልክ እነዘንዛለሁ። ለእትዬ ዘይነባ ደግሞ ደሴ መጥተው ቦኖውን ደረቅ ካገኙት፣ ባለ ስፌቱን ራሴ ፈልቅቄ ሳጥናቸው ላይ እንደምመልሰው ነግሬያቸዋለሁ። ጋሽ ሰይድ ይህን ሲሰሙ አበድሽ እንዴ አሉኝ። የምሬን ነው።