ቁልቁል የቆመችው መኪና

ልብስ ሰፊው መኪና የገዛው አምሮት ይዞት አይደለም። የሚስቱ ኩላሊት ደክሞ፣ በሳምንት ሦስቴ ደሟ በማሽን መታጠብ አለበት ስለተባለ ነው። ከእጥበት ስትወጣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ያጥወለውላታል። እንዲህ ሆና አውቶቡስ ላይ ተጋፍታ ትሂድ? ስለዚህ የተሻለውን የስፌት መኪናውን ሸጠ፣ ያለ የሌለውን ጨመረበት፣ በስተርጅና መንዳት ተማረ፣ ዕድሜ የጠገበች መኪና ገዛ።

«መኪና በመኪና ለወጥክ» ብላ ሳቀችበት ሚስቱ።

መኪናዋ ግን ዘይት ትበላለች። ስትነሳ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል። መካኒኩ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ፋሻዋ አልቋል። ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት ማለቴ ነው። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ላይ እየወጣ ከነዳጁ ጋር ይነዳል። ሞተሩ ወርዶ ካልተከፈተ መላ የለውም።»

«ስንት ቀን ትቆማለች?»

«ዕቃው ከተገኘ ሁለት ሳምንት።»

ልብስ ሰፊው መኪናዋ ውስጥ የተቀመጠችውን ሚስቱን ዞር ብሎ አያት። «እሷ ሁለት ሳምንት አትቆምልኝም።»

«እንግዲያው ያጠጧታ! ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሱ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝ፣ ጠረግ፣ መልሰው ነከር አድርገው ይዩት። ከምልክቱ ከወረደ ይጨምሩ። ብቻ እንዳይረሱ።»

አልረሳም። በየማለዳው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከስፌት በተረፈ ብጣሽ ጨርቅ መለኪያውን ይጠርጋል። ሚስቱ በመስኮት ብቅ ትላለች።

«ዛሬስ ምን አለችህ?»

«ጠምቷታል።»

«አይ መታደል! እኔ ውኃ በጉንጭ እየተለካልኝ፣ እሷ ዘይት እንዳሻት!»

የሚኖሩበት የጋራ ሕንፃ ሰው «ጭሱ» ይለው ጀመር። ቀጥሎ ስብሰባ ተጠራ። የነዋሪዎቹ ሰብሳቢ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ጋሼ፣ ያሰጣነው ልብስ ጠቆረ፣ ልጆች ሳሉ። ከግቢ ውጭ ያቁሟት» አለ። ጭሱ ሽቶ ነበር አልልም። ልጆቹም ስለዋል። ግን የዚሁ ሰብሳቢ ልጅ ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሳት ማን ሆነና? ያን ቀን ጭሱ የማንን አፍንጫ ነካ? ግቢው በመኪና ተጣቧል። ከዚያ ሁሉ ባለመኪና አንድ፣ አንድ ሰው እንኳ፣ «ሁለቱን ሳምንት ሚስትህን በየተራ እናድርስልህና ሞተሩን አሠራው» ማለት አቃተው! ይህንን ለማለት ዲግሪ ይፈልጋል? ሁሉም እጁን አወጣ፤ ጸደቀ። ልብስ ሰፊውም፣ «እሺ፣ አስቸገርኳችሁ» ብሎ ወጣ።

ከግቢው በር ውጭ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያቆማት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ተአምር ሆነ፤ መለኪያው ሲመዘዝ ዘይቱ ሁልጊዜ ምልክቱ ላይ ነው። መጨመሩን ተወ።

«ተሻላት እኮ!» አላት እየሮጠ ገብቶ።

«ተመስገን። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ይሻለን» አለች።

አንድ የእጥበት ቀን ጠዋት፣ ሆስፒታሉ ሊደርሱ ዳገቱ ሲቀራቸው፣ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ዳገቱን ልውጣና አያለሁ አለ። አልወጣም። ሞተሩ እንደ መዶሻ ተንኳኳ፣ አጓራ፣ ነከሰ፤ ብረት ከብረት ተጣብቆ ቀረ። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ያምባርቅበታል። ወርዶ የገፋ የለም። ሚስቱ እጇን ትከሻው ላይ ጭና፣ እያረፈች እየተነሳች በእግሯ ደረሰች። ተራዋ ለሌላ ተሰጥቷል። «ነገ ተመለሱ» ተባሉ።

መካኒኩ መጥቶ የሞተሩን ሆድ ከፈተው። ደርቋል።

«ጋሼ፣ ዘይት እኮ የላትም!»

«ዛሬ ጠዋት አይቻለሁ! ምልክቱ ላይ ነበር!»

«የት ቆማ?»

«ከግቢው በር ውጭ» አለና ልብስ ሰፊው ቁልቁለቱን በእጁ አዘንብሎ አሳየው።

«ቁልቁል ስትቆም ያለው ጥቂት ዘይት ወደ ፊት ይከማቻል። መለኪያው ያለው ደግሞ ፊት ላይ ነው። ሳይኖራት ያላት ትመስላለች። ዘይት የሚለካው ሜዳ ላይ ነው።»

«ሜዳ ላይ አላልከኝም።»

«ያኔ የምትቆመው ሜዳ ላይ ነበራ፣ ጋሼ።»

መኪናዋን ጎትተው እዚያው ቁልቁለት ላይ መለሷት። የሕንፃው ሰው አዘነ፤ ማዘን ምን ይከብደዋል! በየተራ እናደርሳታለን ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ስብሰባ አለብኝ፣ ሌላው ጎማዬ ተነፈሰ አለ። ታክሲ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ የለም። ስታሰልስ፣ ስትቀር፣ እግሯ አበጠ፣ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። በመጨረሻ አንድ ታክሲ ውስጥ፣ ሆስፒታሉ በር ሊደርሱ ሲሉ፣ ትከሻው ላይ ጋደም እንዳለች አረፈች።

አሁንም ጠዋት ጠዋት ይወርዳል። ኮፈኑን ይከፍታል፣ መለኪያውን ይመዛል፣ በብጣሽ ጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ይነክራል። ከዚያ ቀና ብሎ መስኮቱን ያያል።

ባለፈው ሰብሳቢው መጣ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ እግዜር ያጥናዎት። ግን... ነዋሪው አቤት እያለ ነው። መኪናዋ እንድትነሳ—»

ልብስ ሰፊው ጨርቁን አጠፈ፣ እንደገና አጠፈ። ቁጣ እንኳ የለበትም፤ እኔን የሚያቃጥለኝ ይኸው አለመቆጣቱ ነው።

«አሁን እኮ አታጨስም» አለው።