«በፈቃድህ ነው?»

ያን ቀን አዳማ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን ያወጣሁት ጎበዝ ለመባል ነበር። ካድሬው ክርስትናን የከበርቴ ሃይማኖት ሲለው እኔ ጅሉ ብድግ አልኩ።

«ጓድ፣ የሐዋርያትም ንብረት የጋራ ነበር! አጎቴ የሚሰብኩት ይህንኑ ነው።»

ያዳንኳቸው መስሎኝ! ካድሬው መድረክ ላይ አወጣቸው።

«እንግዲህ ሽማግሌው፣ ክርስቶስ ሶሻሊስት ነበር በልና ጉባኤው ይስማ!»

አጎቴ እህል ነጋዴዎቹን እንኳ «የከለከላችሁት የሠራተኛ ደመወዝ ይጮህባችኋል» እያሉ ያስቀየሙ ሰው ናቸው። ለካድሬውም አልራሩለትም።

«ሐዋርያት ሲካፈሉ በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው አልነበረም፣ ልጄ።»

የጥበቃው ጠመንጃ ሰደፍ አፋቸው ላይ አረፈ። ሦስት ጥርሳቸው ረገፈ፤ ሲወድቁም ጥበቃዎቹ በከስክስ ጫማ ረገጧቸው። እኔ ምላሰኛው አግዳሚ ወንበር ስር ተወሽቄአለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጨው እንኳ ሳቀብላቸው፣ በወለቀው ጥርሳቸው እያፏጩ «በፈቃድህ ነው?» ሳይሉኝ አይቀበሉም ነበር። ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ትናንት ለባለቤቴ ጨው ሳቀብል፣ እጄ ጥያቄውን ሲጠብቅ አየር ላይ ቀረ።

ያን ቀን ቁስላቸውን ያሰርነው ጎረቤታችን ሐጂ ማንም ሳይጠይቃቸው ከራሳቸው በፈቱት ጥምጥም ነው። አጥቤ እመልሳለሁ ብዬ ወሰድኩት፤ ይኸው እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ ነው።