ያልጠራሁት የመምህሬ ስም

የታሰርሁበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ነበረው። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ግቢው ቀድሞ ሥልጠና ይሰጥበት ስለነበር ሰሌዳው ላይ በደንብ ያልጠፋ የጠመኔ ጽሑፍ ይታይ ነበር። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው። በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ከጣና የሚነሣው ነፋስ ታንኳ የሚሠራበትን የእርጥብ ደንገል ሽታ ይዞ ይገባል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ፤ የምናገረው ያጣሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ያሳሰረኝ ጥያቄ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ ወደ ዘጌ እየተሻገርሁ፣ በጣሊያን ጊዜ አርበኞች ሐይቁን በታንኳ ሲያቋርጡ የት የት ይወርዱ እንደነበር ሽማግሌዎችን እጠይቅ ነበር። አገሩ እንደገና ተኩስ በሚሰማበት ሰዓት፣ በሐይቁ ዳር እየዞሩ ሰው በስውር የሚሻገረው በየት ነው ብሎ መጠየቅ ምን እንደሚያስመስል አላሰብሁም። በጠቆመብኝ ሰው አልፈርድም፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔም እደነግጥ ነበር።

አጠገቤ የተኛው ከደቡብ ለሥራ የመጣ የፋብሪካ መካኒክ ነበር። ምክንያቴን ስነግረው ሳቀ።

"እኔ ተማሪ ሆኜ እንደ ታሪክ የጠላሁት ትምህርት የለም። ዓመተ ምሕረት መሸምደድ ብቻ! አንተን ምን አስወደደህ?"

ነገርሁት። እኔም ትምህርት ቤት የተማርሁት ጦርነት የነገሥታትና የጄኔራሎች ነበር፤ ሸምድጄ፣ ተፈትኜ፣ ረስቼዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን በዘጌ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ነበሩ። የሳቸው ጦርነት ሌላ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ የከበደ ታንኳ፣ እንዳይርስ በራስ ላይ የተያዘ የብራና መጽሐፍ፣ ሳሉ እንዳይሰማ አፉን በጋቢ ያፈነ ሰው። ሲያወሩን ሁልጊዜ በአባታቸው ስም ይጀምራሉ፤ አርበኞቹ የተሻገሩበትን ታንኳ የቀዘፉት አባታቸው ናቸውና። በቤተ ክህነት ትምህርት ወጉ ይኸው ነው። ከማን እንደሰማህ ሳትናገር የሰማኸውን አትናገርም። የመምህሩን ስም የዘለለ ተማሪ የሰው ዕቃ እንደወሰደ ይቆጠራል።

"እንግዲያ ሲጠይቁህ ጉድ ፈላ" አለኝ መካኒኩ።

እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር። የኔታ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚሄዱት በምርኩዝ ነው። ስማቸው ከአፌ ከወጣ አምጥተው እዚህ ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጧቸዋል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተጠራሁ። መርማሪው ረጋ ያለ ወጣት ነበር።

"መምህር፣ ማስታወሻህ የት ነው?"

"ማስታወሻ የለኝም።"

"ቤትህን ስንፈትሽ ስለዚህ ነገር አንድ ወረቀት አልተገኘም። ያጠራጠረንም እሱ ነው። ሳይጽፍ የሚያጠና ሰው አለ?"

"ልጅ ሆኜ የተማርሁት በቃል ነው።"

"እስቲ በቃልህ በለው።"

አልሁት። ከታንኳው አሠራር እስከ ማረፊያው ድረስ አንዱንም ሳላስቀር ወረድሁት። ልማድ ሆኖብኝ ሰውነቴ እንደ ቆሎ ተማሪ ይወዛወዝ ነበር። መርማሪው መጻፉን ትቶ ማየት ጀመረ።

"ይወርዱበት የነበረው ቦታ አሁን ምን አለበት?"

"መናፈሻ ነው። ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሳቁን የዋጠ መሰለኝ፤ እኔም ከታሰርሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለኝ። ከዚያ ግን የፈራሁትን ጠየቀኝ።

"ማን ነገረህ?"

ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነፍጌ አላውቅም። የሟች አባቴን ስም ብጠራ የሚያውቅብኝ አልነበረም፤ ግን የየኔታን ትምህርት ለሌላ ሰው መስጠት አልሆነልኝም።

"መምህሬ ናቸው። ስማቸውን የምጠራው ለክብር ነው፤ ለምርመራ አልጠራውም።"

"ይኼ መልስ እዚሁ እንደሚያቆይህ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

ድምፄ ክፍል ውስጥ የማስተምርበት ድምፅ ነበር፤ በዚህ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

እንዳለውም ቆየሁ። አንድ ጠዋት ያለ ምንም ማብራሪያ "ዕቃህን ያዝ" ተባልሁ። መካኒኩ ከኔ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ባጃጅ እንኳ ሳልይዝ በመንገዱ ዘንባባዎች ሥር በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ቅዳሜ ሲደርስ ዘጌ ተሻገርሁ። የኔታ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ድምፄን ሲሰሙ ጭንቅላቴን ይዘው ሳሙኝ። የሆነውን ሁሉ አወራኋቸው።

"ታሪኩን ነገርኻቸው?" አሉ።

"ነገርኋቸው፣ የኔታ።"

"ስሜንስ?"

"አልጠራሁም።"

እኔ ምርቃት ጠብቄ ነበር።

"እንግዲያ የማን ነው አሉት? የአባቴን ታንኳ ባለቤት አሳጥተህ መጣህ?"

ቀና ብዬ ሳያቸው ሳቃቸውን ይዘውታል። እኔም ሳቄ መጣ፤ ከዕንባ ጋር።

"ቀኖናህን ልንገርህ" አሉኝ። "ለተማሪዎችህ ስትነግራቸው ከአባቴ ጀምር።"

ያ ትምህርት ሲደርስ አሁን ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የምጽፈው ዓመተ ምሕረት አይደለም። የታንኳ ቀዛፊውን ስም እጽፋለሁ፤ ከሥሩ የልጃቸውን፣ የየኔታን። እዚህ ወረቀት ላይ ላስቀምጠው ግን ገና አልደፈርሁም፤ ወረቀት ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ክፍሌ ውስጥ በሩን ሳልዘጋ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።