አባቴ የተዉአቸው አራት ጎማዎች

በመካነ ሰላም የጎማው ነገር በተነሳ ቁጥር ሰው የሚያደንቀው አባቴን ነው። "እንደሳቸው ያለ ቄስ ዛሬ የት ይገኛል!" ይላሉ። ስለ እናቴ እግር የሚያነሳ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ ግን አልበረደልኝም፣ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

እናቴ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የረጠበው ደረጃ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ደሴ ወስደናት ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ብረት ገባላት። ሐኪሙ ሲያሰናብተን አጥብቆ የነገረን አንድ ነገር ነበር። በየጊዜው እየተመላለሰች እግሯን የሚያሠራት ባለሙያ ካላያት ዳሌዋም ጉልበቷም ደርቆ ይቀራል፤ ጊዜው ካለፈ ደግሞ የሚመለስ ነገር አይደለም። በሚኒባስ እንዳንወስዳት፣ በሚኒባስ ውስጥ የሰው ጉልበት ከሰው ጉልበት ተጣብቆ ነው የሚኬደው፤ እግር የሚዘረጋበት ቦታ የለም። ደግነቱ እኔና አዲስ አበባ የሚሠራው ወንድሜ ተጋግዘን የገዛናት አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ነበረችን። የኋላ ወንበሩ ላይ ትራስ ደርድረን እናቴን እናጋድማታለን፤ አባቴ ከፊት ይቀመጣሉ፤ እኔ እነዳለሁ። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን እንዲህ እያደረግን ደሴ እንመላለስ ጀመር።

የመኪናዋ ጎማዎች መላጣ ስለነበሩ ገና በመጀመሪያው ጉዞ ደሴ አንድ ጎማ ቤት ጎራ አልን። ባለቤቱ የአባቴን ጥምጥም እንዳየ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ። ከየት እንደመጣን ጠየቀ። ከመካነ ሰላም ስንለው ፊቱ በራ።

"የአገሬ ሰዎች! እኔ እኮ የከላላ ልጅ ነኝ" አለ። የተጠመቀበትን ደብር ጠራ። አባቴ የሚያውቋቸውን አንድ ሟች መሪጌታ አነሳና "ነፍሳቸውን ይማር" ተባባሉ። ከዚያ በኋላ ጎማ ልንገዛ ሳይሆን ዘመድ ልንጠይቅ የመጣን መሰለ።

እኔ ቀስ ብዬ "አባባ፣ ሌላም ሱቅ እንይ እንጂ" አልኳቸው።

"መስቀል የተሳለመ ያገር ልጅ ያታልለናል ብለሽ ነው?" አሉኝ።

አራት ጎማ አወጣልን። እንደተቀባ ጫማ ያብለጨልጫሉ። "ይሄ ለናንተ ድንጋይ የተሠራ ነው" አለ በመዳፉ እየመታ። "የዚያን አገር መንገድ እኔ አጥቼው ነው? በዓመት ውስጥ ካለቀ ይዛችሁልኝ ኑ፣ ሌላ አዲስ እገጥምላችኋለሁ። አብሽሩ!" በደረሰኙ ጀርባ "የአንድ ዓመት ዋስትና" ብሎ በእጁ ጽፎ ማኅተም መታበት። የጎማው አቋም የሚስተካከልበትን፣ አላይመንት የሚሠራበትንም ቦታ ራሱ ጠቆመን፤ ሄደን አሠራን። እናቴ በመኪናው መስኮት "ተባረክ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ" ብላ መረቀችው። ያ ምርቃት ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ አንጀቴ ያርራል።

ገና ጥምቀት ሳይደርስ ጎማዎቹ አለቁ። አንድ ጠዋት ለጉዞ ስዘጋጅ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ጥርስ የሚባል ነገር የለም፤ አራቱም እኩል ለስልሰዋል። ጎን ጎናቸው በክረምት ማግስት እንደሚደርቅ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በጥፍሬ ብፍቀው ጥቁሩ እየተላጠ መጣ፤ ከሥሩ ያለው ጎማ አመድማ ነው። ያረጀ፣ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ ጎማ ቀለም ቀብቶ ነው የሸጠልን። በዚያው መንገድ ከደጎሎ እህል ጭነው የሚመላለሱት ሚኒባሶች ጎማ እንኳ እንዲህ አይሆንም። ቆሜ ብቻዬን ተሳደብኩ። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ዛሬ አንሄድም" አልኳት። ያን ጊዜ ዱላ ይዛ እስከ አጥሩ በር ትደርስ ነበር፣ ጉልበቷም መታጠፍ ጀምሮ ነበር።

ሰውዬውን ደወልኩለት። በመጀመሪያ "መኪናዋን ይዛችሁ ኑ" አለ። ለመሄድ ስንነሳ ደግሞ "የሚያየው ባለሙያ የለም፣ ቆዩ" አለ። ከዚያ ስልኩ አይነሳም። ስንት ቀጠሮ በዚህ አለፈ። በመጨረሻ እናቴን እንደወትሮው አጋድመን፣ በዚያው መላጣ ጎማ፣ በየቁልቁለቱ እየጸለይን ደሴ ገባን። ዕቅዳችን በጠዋት ጎማውን አስቀይረን ከሰዓት እናቴን ሐኪም ቤት ማድረስ ነበር። እሷን መኪና ውስጥ ትተን ሱቁ ገባን።

አሁንም መስቀል ተሳለመ። ቀጥሎ ወጥቶ ጎማዎቹን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና "አላይመንት ሳታሠሩ ነድታችሁት ነው" አለ።

"አንተ ባሳየኸን ቦታ አሠርተናል። አላይመንት ቢሆን በአንድ ጎን ብቻ በበላው ነበር" አልኩት።

"እንግዲያው መንገዱ ነው። እናንተ አገር ድንጋይ ነው።"

"የዚያን አገር መንገድ እኔ አጥቼው ነው ያልከው አንተ አይደለህም?"

ዓይኑን በጨው ታጥቦ "ዋስትናው የፋብሪካ ችግር ለሆነ ነው እንጂ..." ብሎ ጀመረና እኔን ተወኝ። ከእኔ ጋር እንደማያዋጣው ገብቶታል። ወደ አባቴ ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ። "አባቴ፣ መቼም እርስዎ አይዋሹም። በመኪናዋ ጭነት አልጫናችሁም?"

አባቴ ትንሽ አሰቡ። "ከላላ ለቅሶ በሄድን ጊዜ ሰው አሳፍረናል" አሉ። "ለተዝካሩም ገብስ ወስደናል።"

ማን ጠየቃቸው ገብሱን! በኛ አገር ለቅሶተኛ በእግሩ ሲሄድ እያየ በመኪናው ጥሎት የሚያልፍ ሰው የለም፤ ቢኖርም ከዚያ በኋላ ሰው ብሎ የሚጠራው የለም። ይህን ያ የከላላ ልጅ ከኔ በላይ ያውቃል። ለዚህ ነው የጠየቀው። እጁን አጨብጭቦ "በቃ! ራሳቸው ተናገሩ!" አለ።

ጮህኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ጉሮሮዬ ስልሳ ተማሪ ጸጥ ማሰኘት የለመደ ነው። "ሌባ" አልኩት፣ "አጭበርባሪ" አልኩት፣ ጎማውን እየፋቅሁ ለመንገደኛው ሁሉ አሳየሁ። የጎረቤት ነጋዴዎች ተሰበሰቡ። ሰውዬው ሲያፍር "ሽማግሌ ይየው" አለ። በዕድሜ የገፉ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ገብተው ከተደረደሩት ጎማዎች ላይ ተቀመጡ።

ሐጂ የሁለታችንንም ካዳመጡ በኋላ "ምስክር የላችሁም" አሉ። "እሱ አዲስ ነው ይላል፣ እናንተ ያረጀ ነው ትላላችሁ። ይህን የሚቆርጠው መሐላ ነው። አባ፣ ይማሉና ይውሰዱ።"

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ክህነት ያለው አይምልም። እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ ከዚያ በላይ አልጨምርም።"

"እኔ እምላለሁ!" ብዬ ተነሳሁ።

"አንቺም አትምይም" አሉኝ።

ሐጂ ወደ ሻጩ ዞሩ። "እንግዲያው አንተ ማል። የአባን መስቀል ያዝና፣ ጎማዎቹ ስሸጥ አዲስ ነበሩ በል። ከማልክ ነፃ ነህ። ካልማልክ አሁኑኑ አራቱንም ትቀይራለህ።"

እዚህ ላይ ልቤ በደስታ ዘለለ። ሰውዬውን እያየሁት ነበር። ፈገግታው ጠፋ። ግንባሩ አላበው፣ በእጁ ጀርባ ጠረገው። ሱቅ ውስጥ በሐሰት መማልማ ነጋዴ ሁሉ የዋለበት ነገር ነው። በመስቀል፣ ያውም ቄሱ ፊት ለፊት ቆመው፣ በሐሰት መማል ግን ሌላ ነው። ያንን የማይፈራ ከላላ አይወለድም። ልጆቹን ነበር የሚያስበው፤ ከፊቱ ላይ አነበብኩት። ትንሽ ብንጠብቅ ኖሮ ጎማዎቹን ያወጣ ነበር፤ እንደማይምል እርግጠኛ ነኝ። አባቴ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። እሱ እጁን ዘረጋ። አንዴ ወደ ጎማዎቹ አየ፣ አንዴ ወደ መስቀሉ።

አባቴ መስቀሉን መልሰው ያዙት።

"እጅህን መልስ ልጄ" አሉት። "በኔ መስቀል ስትጠፋ አላይም። ትቼዋለሁ።"

ሰውዬው ተንደርድሮ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ሐጂ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁሉም ተነስቶ አባቴን ከበባቸው፤ እጃቸውን የሚስም፣ የሚመርቃቸው። እኔ የመኪናውን ቁልፍ እንደጨበጥኩ በሰው መሃል ገፍቼ ገባሁ። ከዚያ "ምንዎን ነው የተዉት አባባ? የማንን ነው የተዉት?" ብዬ ጮህኩ። አንዱ ሽማግሌ "ተይ ልጄ፣ አባትሽ እኮ ናቸው" ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ሁሉም እንደ ባለጌ አየኝ።

ወጣን። እናቴ የመኪናውን መስታወት አውርዳ ስትጠብቅ ነበር።

"ማለ?" አለቻቸው።

"አላስማልኩትም።"

"ጎማውስ?"

"ትቼለታለሁ። ነፍሱ አሳዘነችኝ።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገችና "አስነሺ ልጄ" አለችኝ። ሐኪም ቤት ስንደርስ የጠዋቱ ጭቅጭቅ ጊዜያችንን በልቶት ባለሙያው ወጥቶ ነበር። ስንመለስ አቀስታን አለፍ እንዳልን አንዱ ጎማ ፈነዳ። በመጠባበቂያው ጎማ፣ በስኮርታው እስክቀይረው ድረስ እናቴን አውጥተን ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት፤ አባቴ ነፋስ እንዳይመታት ጋቢያቸውን ያዙላት። እንደሚወዷት አውቃለሁ። እሱን አውቄም ነው የተናደድኩት።

ክስ ልመሠርት ሞክሬያለሁ። በሽማግሌ ፊት የተተወ ጉዳይ ማን ይሰማኛል? "አባትሽ ትቻለሁ ብለው የለም እንዴ?" አሉኝ። በአስተማሪ ደመወዝ ሌላ ጎማ በአንድ ጊዜ አይገዛም፤ መኪናዋ አጥር ሥር ድንጋይ ተደግፋ ቆመች። እናቴን አንድ ጊዜ በሚኒባስ ወሰድናት። ስትመለስ ከሚኒባሱ ያወረዷት ተሸክመው ነው፤ ዳግመኛ አልሄድም አለች። ወንድሜ ተበድሮ ጎማ እስኪልክ ወራት አለፉ። ስንደርስ ሐኪሙ ጉልበቷን ለማጠፍ ሞከረ፣ አልታጠፍ አለው። "ዘገያችሁ" አለን።

ሰውዬው ደግሞ ዝም ያለ መስሏችሁ ነው? ከአጅባር ገበያ እስከ ከላላ ድረስ እያወራ ነው። "እውነት ቢኖራቸው ኖሮ ይተዉልኝ ነበር?" ይላል። ይህን የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እሱም በግማሽ ያመነው ይመስላል። ስለዚህ አሁን አባቴ ቅዱስ፣ ነጋዴው ንጹሕ፣ እኔ ተሳዳቢ ሆነን ቀርተናል።

አባቴ በየጠዋቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት ቤተሰቡን መስቀል ያሳልማሉ። ከድሮም ቀድማ የምትሳለመው እናቴ ናት። ከሐኪሙ በተመለስን ማግስት የማይታጠፈውን እግሯን ዘርግታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። አባቴ ዝቅ ብለው መስቀሉን ወደ ግንባሯ አስጠጉ። እሷ ፊቷን መለስ አደረገች።

"ሰውዬውን ይቅር ብዬዋለሁ" አለች ረጋ ብላ።

የአባቴ ፊት በራ። "እግዚአብሔር ይስጥሽ" አሉ።

"አንቱን ግን ገና ነኝ።"

አባቴ መስቀሉን ወደ ኪሳቸው መልሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጠዋት አላጓደሉም፤ ጎንበስ ብለው መስቀሉን ያቀርቡላታል። ዛሬም ጠዋት አቀረቡላት። "ገና ነኝ" አለቻቸው።