ለጀልባዋ የጨመርሁት ማንኪያ

ትንሹ ጣሳ ከትልቁ ቀድሞ አለቀ። ሁለቱ አብረው ማለቅ ነበረባቸው። ይህን ያወቅሁት ሰኞ ጠዋት መደርደሪያ ስጠርግ ነው። ትልቁን ሳነሣው ከበደኝ፤ ትንሹን ሳነሣው ግን ባዶ ስለነበር እጄ ብድግ አለ። መጥረጊያዬን እንደያዝሁ የምስማር ሣጥን ላይ ቁጭ አልሁ።

በዚያን ጊዜ ቡራዩ አጠገብ ባለው የውሃ ግድብ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበርሁ። አገሬ ጣና ዳር ነው። ከዚያ መጥቼ ሰበታ አክስቴ ቤት ሆኜ ጥቂት ተማርሁ፤ አክስቴ ስትሞት ቤቱ ለሌላ ሆነና ይህን ሥራ አገኘሁ። ከሠራተኞቹ መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። የተቀጠርሁት ጥንቁቅ ናት ተብዬ ነው። ከዚያ ስም በቀር በዚያ አገር ምንም አልነበረኝም፤ ወንድም የለኝ፣ ተመልሼ የምገባበት ቤት የለኝ።

ጣሳዎቹ የመጡት ለጀልባዋ ነው። ከእንጨት የተሠራች፣ ከውጭ ከመስታወት ክር የተሸመነ ጨርቅ የለበሰች፣ ሦስት ሰው የምትይዝ ጀልባ ነበረችን። በክረምት ጎርፍ ያመጣው ሣርና ቅርንጫፍ ውሃው ወደ ከተማ የሚወርድበትን የብረት ወንፊት ይደፍነዋል። ሦስት ሰዎች በጀልባዋ ይሄዱና ጫፉ ቆልማማ በሆነ ረጅም ዘንግ እየጎተቱ ያጸዱታል። በሐምሌ መጨረሻ ውሃው ውስጥ የተደበቀ የባሕር ዛፍ ጉቶ መታት፤ ሆዷ ላይ ክንድ የሚያህል ስንጥቅ ወጣ።

የሙጫውን ነገር ያሳየኝ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነው፤ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት። ዛሬ ልጆቹ ኤፖክሲ ይሉታል፤ እኛ የፈረንጅ ሙጫ ነበር የምንለው። ትልቁ ጣሳ ውስጥ ያለው እንደ ማር ወፍራም ነው። የትንሹ ቀጭን ሆኖ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ከትልቁ አምስት ማንኪያ፣ ከትንሹ አንድ። ለየብቻቸው ዓመት ቢቀመጡ አይደርቁም፤ በልካቸው ሲገናኙ ግን ድንጋይ ይሆናሉ። መሐንዲሱ ማንኪያውን በሞላ ቁጥር አፉን በቢላ ጀርባ እያስተካከለ አሳየኝ። ገባሽ ወይ ሲለኝ ገባኝ አልሁ። ገብቶኝም ነበር።

ግን እኔ ባደግሁበት አገር የሚሰፍር ሰው ልኩን ሰፍሮ አይቆምም። ጤፍም ይሁን ጨው፣ ቁናው ከሞላ በኋላ በእፍኝ ምራቂ ይጨመርለታል። ልኩ ላይ ያቆመ ሰው ከሰጠው በረከቱን መልሶ እንደወሰደ ይቆጠራል። እናቴ ቤታችን ለመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ስትሰፍር አይቼ ነው ያደግሁት። ለምስማርና ለብሎን ምራቂ እንደሌለ አውቃለሁ፤ የመንግሥት ዕቃ ነው። ማንኪያ ስይዝ ግን እጄ የእናቴ እጅ ነው።

ሐሙስ ዕለት አናጢው ባዶ ጣሳ ይዘው መስኮቴ ላይ መጡ። እዚያው ቡራዩ ተወልደው እያረሱ አናጢነት የተማሩ፣ ሃምሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። እኔ በቋንቋቸው ኦቦ እላቸዋለሁ፣ አቶ እንደማለት ነው፤ እሳቸውም በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም አዴ፣ ወይዘሮ፣ ይሉኛል። ጀልባዋን የሚጠግኑም፣ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ይዘዋት የሚገቡም እሳቸው ናቸው። ዋና አይችሉም። ከሦስቱ አንዱም አይችልም።

«አካም ቡልቴ አዴ? ዛሬ ምን ልታበይን ነው?»

«ለጀልባዋ ነው ኦቦ፣ ለእርስዎ አይደለም።»

«ፍልሰታ ይዘሽ አንቺ ስላልበላሽ ሰውም የሚበላ አይመስልሽም።»

ይህን ብለው ዘወር አሉና የመስታወቱን ጨርቅ በመቀስ መቁረጥ ጀመሩ። እኔ ሰፈርሁ። ከትልቁ አምስት፣ ከትንሹ አንድ። ከዚያ እጄ እኔን ሳያማክር ከትንሹ አንድ ደገመ። ልብ አላልሁትም። በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እየተመላለሱ እንዳስሰፈሩኝ አላስታውስም፤ በየጊዜው ግን ምራቂዋ ነበረች። ሳማስለው ጣሳቸው እጄ ላይ ይሞቅ ነበር። ኦቦ በመዳፋቸው ነካ አደረጉትና፣ «እሳት ሳይነድለት የሚፈላ ወጥ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። ስንጥቁ ላይ ጨርቁን ደራርበው እያለበሱ በብሩሽ ሙጫውን አጠጡት። ሲመሽ ያምር ነበር፤ እንደ ብርጭቆ ያበራል።

ዓርብ ብንነካው ጣት ይይዛል። ቅዳሜም ይይዛል። «ብርዱ ነው» አሉ ኦቦ። እውነትም ብርድ ነበር፤ ነሐሴ ነው፣ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ጉም እኩለ ቀን ድረስ አይነሣም። እኔም ብርዱ ነው አልሁ።

ሰኞ ነው እንግዲህ ጣሳዎቹን ያነሣሁት። ትልቁን ከፈትሁት፤ ገና ግማሽ ነው። ሐሙስ የትንሹን ጣሳ የመጨረሻ ጠብታ አዘንብዬ ስጨልጥ እንኳ ምንም አልጠረጠርሁም ነበር። ሮጥሁ ማለት ይቻላል፤ ጀልባዋ ተገልብጣ ወደተቀመጠችበት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሄድሁና ጠገናው ላይ ጥፍሬን ጫን አደረግሁ። ጥፍሬ ገባ። እንደ ሻማ ነው። ጥፍሬ የተወው ምልክት እዚያው ቀረ።

ኦቦ ከኋላዬ መጡ። «አልደረቀም አይደል? ይሁን፣ ውሃ ሲነካው ይጠነክር ይሆናል። የግድቡ ኃላፊ ረቡዕ ግቡ ብለዋል። ከከተማ ስልክ እየተደወለ ነው፣ ውሃው ቀነሰ እየተባለ።»

አፌን ከፈትሁ። «ብርዱ ነው» አልሁ።

ያን ቀን እንዴት እንደዋልሁ እኔ ነኝ የማውቀው። መስኮቴ ላይ ሰው አካፋ ሲጠይቀኝ ገመድ እሰጣለሁ። ዓይኔ ላይ የሚመጣው የጀልባዋ ሆድ ነው፤ ግድቡ መካከል ስትደርስ ጨርቁ እንደ ቆዳ ሲላጥ፣ ውሃው በቀስታ ሲገባ፣ ኦቦ በባርኔጣቸው ሲጨልፉ። ደግሞ ወዲያው ሌላው ሐሳብ ይመጣል፤ ብናገር የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይቀበሉኛል፣ ከዚያስ ወዴት ነው የምሄደው? ምናልባት ይደርቅ ይሆናል እላለሁ። እየሄድሁ በጥፍሬ እሞክረዋለሁ። እስከ ማታ የጠገናው ጠርዝ በጥፍር ምልክት ተሞላ።

ማክሰኞ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ቅዳሴ ሳይገባ የንስሐ አባቴን ከደጁ አገኘኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ብርድ ስለማይችሉ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበዋል።

«አባ፣ ሰው ሳያውቅ ባጠፋው ይጠየቅበታል?» አልኋቸው።

«ምን አጠፋሽ?»

ነገርኋቸው። ማንኪያውንም፣ ጥፍሬንም፣ ሦስቱን ሰዎችም።

«አሁን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሳያውቅ ስላጠፋ ሰው ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ስግደት ይስጡኝ አልኋቸው።

«ስግደቱ የትም አይሄድም። ጀልባዋ የምትገባው መቼ ነው?»

«ነገ።»

«እንግዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ቅዳሴውን ትቼ መመለስ ከብዶኝ ነበርና ቆም አልሁ። እሳቸው ግን መስቀሉን አሳልመውኝ ፊታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ።

ቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድሁ። ከሰሜን የመጡ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ፣ ኮታቸውን በሙቀትም በብርድም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ቆሜ ነገርኋቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ምራቂ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ለሙጫ።»

«እጄ ነው እንጂ እኔ አላሰብሁትም።»

«እጅሽን ለብቻው አልቀጠርነውም።» ብዕራቸውን መልሰው አነሡ። «ባትነግሪኝስ ምን ይሆን ነበር?»

«ሌላ ሙጫ ይፈቀድልኝ» አልኋቸው። መጋዘኑ ውስጥ ያልተከፈቱ ሌላ ሁለት ጣሳዎች ነበሩ፤ ለግድቡ በር የተቀመጡ ናቸውና ያለ እሳቸው ፊርማ አይነኩም። የዕቃ ማውጫውን ወረቀት ፈርመው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ይህ የመጨረሻው ነው፣ ሌላ የለንም። ቁልፉ አንቺ ጋ መቆየቱን ጀልባዋ ስትመለስ እናያለን።»

ከእሳቸው ይልቅ ኦቦ ፊት መቆም ከበደኝ። መጥረቢያቸውን እየሳሉ አገኘኋቸው። ስነግራቸው መሳላቸውን አላቆሙም፤ እኔ ስጨርስ ነው ያቆሙት።

«ትናንት ውሃ ሲነካው ይጠነክር ይሆናል ስል ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልሁም። ብርዱ ነው ብያለሁ» አልሁ።

«እሱ ይብሳል።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔን?»

«ሁሉንም።»

መጥረቢያውን አኖሩ። «እኔ ደግሞ ውሃ እፈራለሁ፣ አዴ። በየዓመቱ ክረምት ወደ ውሃው ስገባ ልጆቼን ስሜ ነው ከቤት የምወጣው። ፍርሃት አንቺም የምታውቂ አይመስለኝም ነበር።» ከዚያ ተነሥተው ሞረዱንና መሮውን አመጡ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ።

ያን ሙጫ ከጀልባዋ ሆድ መላጥ ከመለጠፍ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ይሳባል፣ መሮው ላይ ይጣበቃል፣ እንደ ቅቤ ያዳልጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፋቅነው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እንጨቱ እስኪታይ አሸነው፣ በአልኮል አጠብነው፣ አደረቅነው። ጥፍሬ ሥር የገባው ሙጫ ሳምንት አልለቀቀኝም። ሠራተኞቹ እያለፉ፣ «አዴ፣ ለእኛም ምራቂ ጨምሪልን» ይሉኝ ነበር። ኦቦ አንድ ጊዜ ቀና ብለው፣ «እናንተ ከዚህ በፊት ልክ የሠራችሁት ምንድነው?» ሲሏቸው ተዉኝ።

ኦቦን እርስዎ ይስፈሩ ብላቸው እምቢ አሉ። «አንቺ ነሽ የምትሰፍሪ። እኔ እቆጥራለሁ።»

ቆጠሩ፣ በራሳቸው ቋንቋ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን።» ማንኪያውን በየጊዜው በቢላ ጀርባ አስተካከልሁ። ከትንሹ ጣሳ ቀድቼ ሳፈስስ፣ «ቶኮ» ብለው ማንኪያውን ከእጄ ላይ ተቀበሉኝ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ባይቀበሉኝ ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ብርዱ ግን እውነት ብርድ ነበር። ኦቦ አሸዋ በቆርቆሮ ላይ እያሞቁ በጆንያ እየሞሉ የጀልባዋ ጠገና ላይ በጨርቅ ለይተው ደረደሩት፤ ሲቀዘቅዝ እንቀይራለን። ሦስት ቀን ጆንያ ስንቀይር ዋልን። በሦስተኛው ቀን ጥፍሬን ለመሞከር ፈርቼ ለኦቦ ተውሁት። እሳቸው በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አደረጉት። ድምፁ እንጨት አልነበረም፣ ድንጋይ ነው የመሰለኝ። ግን እኔ የመሰለኝን ማመን ትቼ ነበር።

ሰኞ ገቡ። ጉሙ ገና አልተነሣም። ኃላፊውም ኮታቸውን ለብሰው ዳር ቆሙ። ኦቦ ሲሳፈሩ አዩኝና፣ «ሂንሶዳቲን» አሉ፤ አትፍሪ ማለታቸው ነው። እሳቸው ራሳቸው መቅዘፊያውን የያዙበት እጅ ነጭ ሆኖ ነበር። እኔ ባደግሁበት ሐይቅ ዳር ታንኳው ከደንገል የታሠረ ነው፤ ውሃ ይገባበታል፣ ግን ደንገል ስለሆነ አይሰጥምም፤ ሰው እግሩ እየራሰ ይሻገራል። ይህቺ ግን ውሃ ከገባባት ትወርዳለች። ጉሙ ዋጣቸው። የዘንጉን ድምፅ፣ ሣሩ ሲጎተት የሚያንሾካሹከውን፣ አንዳንዴም ሳል እሰማለሁ። ድምፁ ባቆመ ቁጥር «በእንተ ማርያም» እላለሁ፤ ሲቀጥል ደግሞ ምን ልል እንደነበር እረሳለሁ።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። ሲመለሱ መጀመሪያ የታየኝ የኦቦ ባርኔጣ ነው፤ ራሳቸው ላይ ነበር። ጀልባዋ ዳር ነካች። ሁለቱ ሠራተኞች ዘለው ወረዱ። እኔ ግን ወደ ውስጥ ሳይ ወለሉ ላይ ውሃ አለ። ብዙ አይደለም፤ ሁለት ብርጭቆ ይሆናል።

«ከዘንጉ የተንጠባጠበ ነው» አሉ ኦቦ።

«ልይ።»

ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። በጨርቅ ጠረግሁት፣ ጨመቅሁት፣ እንደገና ጠረግሁት፤ የጠገናው ቦታ ደረቅ እስኪሆን። ከዚያ ሳልነሣ ተቀመጥሁ። ኃላፊው ከዳር፣ «ሠራተኛ መስኮትሽ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው» አሉ። ሰማኋቸው፤ ግን አልተነሣሁም።

«በቃ አዴ፣ ውረጂ።»

«ትንሽ ልቆይ።»

ኦቦ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ወለሉ አዩ። ከዚያ እግራቸውን አንሥተው ተመልሰው ገቡ፤ ጀልባዋ በክብደታቸው ትንሽ ዝቅ አለች። ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠገናውን እያየን ቆየን፤ ጉሙ እስኪነሣ፣ ፀሐይ ወለሉ ላይ እስክትወድቅ ድረስ። ውሃ አልመጣም።